የንቅሳት ማጥፊያ አሲድ፦ ትርፉ የሻጭ፣ ኪሳራው የገዢ

በደብረ ታቦርና በአካባቢው ደጋ ግንባርንና አንገትን መነቀስ የኖረ ጌጥ ነው። ከተማ ገብታ ‹‹አጥፉልኝ›› የምትል ግን አትጠፋም። ፈላጊ ካለ ሻጭ አለ፤ የሚቀርብላትም አሲድ ያለበት ቅባት ሊሆን ይችላል።

የንቅሳቱ ጥላሸት ያረፈው ከላይኛው ቆዳ ሥር ነው። ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ እዚያ የሚደርሰው ቆዳውን አቃጥሎ ነው። ጥቁር ቆዳ ደግሞ ለኬሎይድ፣ ማለትም ላበጠ ጠባሳ፣ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አንድም የንቅሳት ማጥፊያ ቅባት አላጸደቀም። እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ንቅሳታቸውን ያስጠፉት በሐኪም ሌዘር መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ያሳያል።

ሌዘር ውድ ነው። ሆኖም በርካሽ የተገዛ ቃጠሎ ሕክምናው ሲታከልበት ይበልጥ ይወደዳል። ነጋዴው ይዘቱ ያልተጻፈበትን ብልቃጥ ከመደርደሪያው ያውርድ። የዕቃ ኪሳራ በሚቀጥለው ጭነት ይካካሳል፤ የፊት ኪሳራ ግን ማካካሻ የለውም።