ጣና ላይ ለምታድሩ

ውድ ወላጆችና አያቶች፣ ልጆቹን ይዛችሁ ከባሕር ዳር በትንሽ ሞተር ጀልባ ወደ ደቅ ደሴት ተሻግራችሁ ለማደር ካሰባችሁ፣ እሰየው! በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን ማየት ለልጅ ትልቅ ትምህርት ነው። ግን ከስንቁ በፊት ስለ ነፋሱ ተነጋገሩ።

ጣና ብዙውን ጊዜ ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ለትንሽ ጀልባ ይከብዳል። ስትሄዱም ስትመለሱም ማልዳችሁ ተነሱ፤ በጨለማ አትጓዙ። ነዳጁን ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ ሲሶው ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ሲሶው ለክፉ ቀን።

ለልጅ የአዋቂ ላይፍ ጃኬት አይሆንም። አልብሳችሁ እሰሩለትና ትከሻው ላይ ይዛችሁ ጃኬቱን ወደ ላይ ሳቡት፤ አገጩን አልፎ ወደ ጆሮው ከወጣ ሰፊ ነው፣ ይቀየር።

በነርስነት ዘመኔ «ለአንድ ቀን ነው» ብለው የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒታቸውን ቤት ትተው የተቸገሩ ብዙ አረጋውያን አይቻለሁ። ሁለት ትርፍ ቀን የሚበቃ መድኃኒት ውኃ በማያስገባ ከረጢት ያዙ። አጎበርና ብርድ ልብስም አይረሳ፤ ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነ ሌሊቱ ይበርዳል።

ቢልሃርዚያ ስላለ ልጆች ዳር ዳሩን ውኃ ውስጥ አይንቦጫረቁ። ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣልና ድንኳናችሁን ከውኃው ዳር አርቁ።

የምትመለሱበትን ሰዓት የሚያውቅ ሰው ባሕር ዳር ይኑራችሁ። ነፋሱ ካየለ ደግሞ፣ ልጆቹ ቢያለቅሱም፣ ጀልባ ነጂው ቢቸኩልም፣ «ዛሬ እዚሁ እናድራለን» የሚል አንድ አያት አይጥፋ።