የመኪናዎ ሶኬት ስንት ዋት ይችላል?

ከቤተሰብ ጋር ወደ ሐዋሳ እየወረዱ ከኋላ ወንበር ላይ ቪዲዮ ማቀናበር ወይም የሕንፃ ዲዛይን መጨረስ ዛሬ ብርቅ አይደለም። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚችል ላፕቶፕ ግን ኃይል ይበላል፤ ከባድ ሥራ ላይ ሲሆን ባትሪው ብዙ ጊዜ ሁለት ሰዓት እንኳ አይዘልቅም። ያኔ ዓይን የሲጋራ መለኮሻውን ሶኬት ይፈልጋል። ገበያ ላይ «300 ዋት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ኢንቨርተር ስለሚገኝ ነገሩ ያለቀ ይመስላል።

ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ግን ሁለት ቁጥሮችን ያስተያዩ።

የመጀመሪያው ቻርጀሩ ላይ ነው። በጀርባው «አውትፑት» ከሚለው ጎን የተጻፉትን ቮልትና አምፔር ያባዙ። 20 ቮልትና 11.5 አምፔር ከሆነ 230 ዋት ማለት ነው። ለኢሜይልና ለጽሑፍ የሚሆን ላፕቶፕ 45 ወይም 65 ዋት ይበቃዋል፤ ለጌምና ለግራፊክስ የተሠራው ግን 180፣ 230፣ አንዳንዴም 330 ዋት ይጠይቃል።

ሁለተኛው የሶኬቱ ፊውዝ ነው። በብዙ የቤት መኪኖች 10 ወይም 15 አምፔር ነው፤ በ12 ቮልት ሲባዛ 120 ወይም 180 ዋት ይሆናል። ኢንቨርተሩም ከሚያልፍበት ኃይል ከመቶ 10 እስከ 15 ያህሉን ወደ ሙቀት ለውጦ ያባክናል። ስለዚህ ባለ 230 ዋቱ ቻርጀር በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ከመኪናው 260 ዋት ገደማ፣ ማለትም ከ21 አምፔር በላይ ይስባል። ይህን ሲስብ ፊውዙ ይቃጠላል። «300 ዋት» የሚለው ጽሑፍ የኢንቨርተሩን እንጂ የሶኬትዎን አቅም አይናገርም።

አደጋው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። «በትልቅ ፊውዝ ቀይረው» የሚል መካሪ አይጠፋም። ፊውዝ የሽቦው ዘበኛ ነው። በ30 አምፔር ሲቀይሩት ፊውዙ መቃጠሉን ይተውና ሽቦው ይግላል፤ ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ ልጆችዎ በተቀመጡበት መኪና ውስጥ።

ታዲያ ምን ይሻላል? ላፕቶፕዎ በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ የሚቀበል ከሆነ፣ ሶኬቱ ላይ የሚሰካ ጥሩ ባለ 100 ዋት የመኪና ቻርጀር ለቀላል ሥራ ይበቃል። የላፕቶፑን ኃይል ቆጣቢ አሠራር አብርተው ይጻፉ፣ ያርሙ፤ ከባዱን ቅንብር ሆቴል ሲደርሱ ያሠሩት። ለማይጠብቅ ሥራ ቤት ቻርጅ የሚደረግ ተንቀሳቃሽ የኃይል ማከማቻ ይያዙ፤ 500 ዋት ሰዓት የሚይዘው ባለ 230 ዋቱን ቻርጀር ሁለት ሰዓት ገደማ ያሠራል። ሁልጊዜ መንገድ ላይ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ኢንቨርተሩን በወፍራም ገመድ በቀጥታ ከባትሪው ጋር፣ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ አድርጎ ይግጠምልዎ። ሲገዙ «ፒዩር ሳይን ዌቭ» የሚባለውን ይምረጡ። የጭነት መኪናና ትልልቅ አውቶቡስ ብዙውን ጊዜ ባለ 24 ቮልት ስለሆኑ የ12 ቮልት ኢንቨርተር እዚያ እንዳይሰኩ።

ባቱ (ዝዋይ) ላይ ዓሣ ለመብላት ሲቆሙስ? ሞተሩ ጠፍቶ ላፕቶፑ ከመኪናው መሳቡን እንዳይቀጥል ይንቀሉት። 60 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ ሲሞላ የሚይዘው 720 ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ የአንድ ሰዓት ምሳ ከሲሶው በላይ ይወስዳል። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት እንጂ እስኪሟጠጥ ለመሳብ አልተሠራም። ያረጀ ከሆነማ ሞተሪኖውን ማዞር ያቅተውና ቤተሰቡ መኪና ገፊ ይሆናል።

ጉዞው ቅዳሜ ከሆነ ሐሙስ ማታ ሞተሩን አስነስተው፣ ላፕቶፑን ከባድ ሥራ አስጀምረው ለግማሽ ሰዓት ይሞክሩት። መሰኪያው በእጅ የማይያዝ ያህል ከጋለ ዋቱ በዝቷል። ይህን ሐሙስ ደጅዎ ላይ ማወቅ ቅዳሜ ጨለማ ውስጥ መንገድ ዳር ከማወቅ ይሻላል።