የእናት ሰፌድ ከአልጋ ስር ይውጣ

ክረምቱ ወጣ። ብርድ ልብሱ ፀሐይ ላይ ተሰጣ፣ ግድግዳው ላይ የወጣው ሻጋታ ተፋቀ፣ መስኮቱም ተከፈተ። በዘመን አቆጣጠራችን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያሉት 90 ቀናት መፀው ይባላሉ። ብዙዎቻችን ይህን ወቅት «ፀደይ» እያልን ብንጠራውም የፀደይ ተራ የሚመጣው ከመጋቢት 26 ጀምሮ ነው። መፀው አበባው የሚፈካበት፣ እሸቱ የሚበላበት፣ በመጨረሻም አዝመራው የሚሰበሰብበት ጊዜ ነው። ቤትን በገጠር ለዛ ለማስዋብም ከዚህ የተሻለ ወቅት አይገኝም።

ለዛሬው ጽሑፋችን መነሻ የሆነን የአንዲት አንባቢያችን ጥያቄ ነው። የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናታቸው ካረፉ ዓመት አልፏል። የእናታቸውን ሰፌድ፣ ሙዳይ፣ አገልግል፣ እንስራና ሙቀጫ ከገጠር አምጥተው ግማሹን አልጋ ስር፣ ግማሹን በረንዳ ላይ አስቀምጠዋል። ክረምቱ ሰፌዱን አሻገተው። ባለቤታቸው ቤታችን ሙዚየም አይደለም፣ ወይ ለሚጠቀምበት ይሰጥ ወይ ይጣል ማለት ጀምረዋል። እሳቸው ግን እጃቸው እምቢ ብሏቸዋል። በመግቢያው በር አጠገብ ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ቢያሳምሯቸው ያምር ይሆን ወይስ የጓዳ ዕቃ ሳሎን አወጣች ያሰኛቸው ይሆን? ጥያቄያቸው ይህ ነው።

የጓዳ ዕቃ ለእንግዳ ይታያል?

ከመጨረሻው እንጀምር። የቤት ዕቃን ለዓይን እንዲያምር አድርጎ መደርደር ከውጭ የመጣ ፋሽን አይደለም። በጉራጌ ባህላዊ ቤት የእንጨትና የሸክላ ዕቃዎች በሥርዓት ተደርድረው ይታያሉ፤ ለመስቀል ቤቱ ሲሰናዳ እነሱም ተወልውለው ቦታቸውን ይይዛሉ። በሐረር የጥንት ቤቶች ደግሞ እንግዳ የሚቀመጠው ደረጃ በደረጃ ከፍ ባሉት መደቦች ላይ ሲሆን ከበላዩ ያለው ግድግዳ በስፌት ሥራ ያሸበረቀ ነው። ቤቱን የረገጠ ሰው ገና ሳይቀመጥ የእመቤቲቱን ሙያ ያያል። ስለዚህ ጠያቂያችን አይሳቀቁ። ሰፌድ ሳሎን ቢወጣ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ባለቤትዎም ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። አምስቱንም ዕቃ አንድ ጠባብ ቦታ ላይ ቢከምሯቸው በእርግጥም መጋዘን ይመስላል። አልጋ ስር የተቀመጠ ሰፌድም ቢሆን እናትን ማክበሪያ አይሆንም፤ አቧራና ሻጋታ ይበላዋል እንጂ። መፍትሔው መምረጥ ነው። ለጠረጴዛው ሦስት ዕቃ ይበቃል፤ ሰፌዱ፣ ሙዳዩና እንስራው። ሙቀጫው ወደ ወጥ ቤት ይግባና ነጭ ሽንኩርትና ቅመም ይወቀጥበት። አገልግሉ ደግሞ ዘመድ ጥየቃ ወይም ረጅም መንገድ ሲኬድ ስንቅ ይቋጠርበት።

አንድ ነገር እንጨምር። እህት ወይም ወንድም ካለዎት ከዕቃዎቹ አንዱን ለእነሱ ይስጡ። የእናት ዕቃ አንድ ልጅ ቤት ብቻ ሲከማች ቅሬታ ይወልዳል። ሳይነገር የቆየ ቅሬታ ደግሞ አንድ ቀን ሠርግ ወይም ለቅሶ ቤት ላይ ይወጣል።

የሻገተውን ማዳን

ሰፌድና ሙዳይ ከስንደዶ፣ ከአክርማና ከአለላ ስለሚሠሩ ከእርጥበት ጋር አይስማሙም። መጀመሪያ ወደ በረንዳ ያውጧቸው። አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው በደረቅ ብሩሽ የስፌቱን መስመር እየተከተሉ ያራግፉ። ከዚያ እኩል ውኃና አቼቶ ቀላቅለው ንጹሕ ጨርቅ ይንከሩበት፤ በደንብ ጨምቀውም በቀስታ ይወልውሉ። ባለቀለሙ አለላ ሊለቅ ስለሚችል በቅድሚያ በጀርባው በኩል ትንሽ ቦታ ላይ ይሞክሩት። በፍጹም ውኃ ውስጥ አይዘፍዝፉት።

ሲጨርሱ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ እስኪደርቅ ይተዉት። ጠንካራ ፀሐይ ላይ ብዙ ሰዓት ከቆየ ቀለሙ ይደበዝዛል። ቫርኒሽ የሚቀቡ ሰዎች አሉ፤ እኛ አንመክርም። ያብለጨልጫል፣ ውስጡ የቀረውን እርጥበት አፍኖ ይይዛል፣ በስፌቱ ላይ ያለውን የሠሪዋን እጅም ይሸፍነዋል። ጠርዙ ላይ ያለው መበላት፣ መሐሉ ላይ ያለው የተጠገነ ቦታ ባለበት ይቆይ። ውበቱ እሱ ነው። ስፌቱ በእጅዎ ሲነኩት የሚፈርስ ከሆነ ግን ሰፌዱ ዕድሜውን ጨርሷልና አያስገድዱት። ሙዳዩ ይበቃል።

ጠረጴዛው

በአብዛኞቹ ኮንዶሚኒየም ቤቶች በሩ የሚከፈተው በቀጥታ ወደ ሳሎን ነው። ስለዚህ ከማስዋቡ በፊት መለካት ይቀድማል። በሩን እስከ መጨረሻው ይክፈቱና የሚደርስበትን ወለሉ ላይ በጠመኔ ያስምሩ። ጠረጴዛው ከመስመሩ ውጭ መሆን አለበት። ወደ ውስጥ ያለው ስፋቱ ከ30 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ቢሆን መተላለፊያ አይዘጋም። ቁመቱ ወገብ አካባቢ፣ ማለትም ከ75 እስከ 85 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ቁልፍ ለማስቀመጥ ይመቻል።

ጠረጴዛ ለሌላችሁ አንባብያን አዲስ መግዛት ግድ አይደለም። ከግንባታ የተረፈ ጣውላ በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ከተፋቀ በኋላ በአራት የባሕር ዛፍ እግር ላይ ሊቆም ይችላል። ለገጠር ለዛ ያለቀለትና የሚያብረቀርቅ እንጨት አያስፈልግም፤ ጉጡና ስንጥቁ የሚታይ ይሻላል። ስንጥር እንዳይኖረው ግን ጠርዙን በእጅዎ እየዳሰሱ ያረጋግጡ፤ የልጆች እጅ የሚያርፈው እዚያ ነውና።

አደራደሩ

ሰፌዱን ከጠረጴዛው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ በአንድ ምስማር ይስቀሉት። መሐሉ በቆመ ሰው ዓይን ትይዩ ይሁን። እንስራው ትልቅና ከባድ ስለሆነ ጠረጴዛው ላይ አይውጣ፤ ከስሩ፣ በግድግዳው ጥግ በኩል ይቀመጥ። እንዳይንከባለልም ከመቀመጫው ስር ማቶት ወይም የተጠቀለለ ጨርቅ ያድርጉለት።

ጠረጴዛው ላይ በአንድ ወገን ሙዳዩን ያስቀምጡ። ባዶውን አይተዉት፤ የቤት ቁልፍ፣ የታክሲ ሳንቲምና መብራት ሲጠፋ የምትፈለገው ትንሽ ባትሪ ይግቡበት። በሌላው ወገን አበባ የሚይዝ ቅል ወይም ትንሽ ማሰሮ ይሁን። የተሰነጠቀ ከሆነ ውኃ አይጨምሩበት። ባዶ የውኃ ፕላስቲክ አንገቱን ቆርጠው ውስጡ ይክተቱ፤ ውኃውን እሱ ይይዛል፣ ለዓይን የሚታየው ቅሉ ብቻ ይሆናል። መሐሉን ባዶ ይተዉት። ከውጭ የገባ ሰው የያዘውን የሚያሳርፍበት ቦታ ይፈልጋል።

ሸክላ መጨመር ከፈለጉ አዲስ አበባ ውስጥ ቀጨኔ የሸክላ ሠሪ እናቶች ሰፈር ነው። ከእነሱ በቀጥታ መግዛት ለቤትም ለሠሪዎቹም ይበጃል።

ወር በወር

ዕቃው ባለበት ይቆያል፤ የሚለዋወጠው ወቅቱ የሚሰጠን ነገር ነው። መስከረም የአደይ አበባ ነው። አደይ ተዘርቶ የሚኖረው በራሱ ዘር ነውና ከነሥሩ አይንቀሉት። ጥቂት ዘንግ ብቻ፣ በማለዳ፣ በስለት ይቁረጡ። ውኃው ውስጥ የሚገባውን ቅጠል አራግፈው ውኃውን በየሁለት ቀኑ ከቀየሩ ለተወሰኑ ቀናት ያምራል። ሲረግፍ አይዘኑ፤ አደይ መሄጃውን የሚያውቅ እንግዳ ነው።

ጥቅምት የዱባና የበቆሎ ነው። አንድ መካከለኛ ዱባ ከነአንገቱ፣ ያልተሰነጠቀውን መርጠው፣ አድርቀው ያስቀምጡ። ልጣጩ ካልተቆሰለ ለሳምንታት አይበላሽም። ከጎኑ ሽፋኑ ወደ ኋላ የተገለበጠ ሁለት የደረቀ የበቆሎ ራስ በቂ ነው። በአሜሪካ ያላችሁ ወገኖቻችንም በዚሁ ሰሞን የየጎረቤቱ ደጃፍ በዱባና በበቆሎ አገዳ አጊጦ ታያላችሁ። የእኛው ዱባ ግን አንድ ብልጫ አለው፤ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ሲገባ ከጠረጴዛው ወደ ድስት ይወርዳል። ለጌጥ ተብሎ የተጣለ ምግብ አይኖርም።

ኅዳርና ታኅሣሥ የአዝመራ ነው። አንድ እጅ የጤፍ ነዶ፣ ሁለት ሦስት የማሽላ ራስ ወይም የስንዴ ዛላ በቀጭን ገመድ ታስሮ ቅሉ ውስጥ ይቁም። ወርቃማው ከቀይ ቡናማው ማሽላ ጋር ሲገናኝ ሌላ ቀለም አያስፈልገውም። ነገር ግን እህል ነቀዝ ይዞ ይገባል። ከማስቀመጥዎ በፊት በላስቲክ አፍነው ማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ውስጥ ሦስት አራት ቀን ያቆዩት።

ጥንቃቄ

ደረቅ ነዶ ባለበት ጠረጴዛ ላይ ሻማ፣ ጧፍም ሆነ የዕጣን ማጨሻ አይቀመጥ። መብራት በሚቋረጥበት ቤት ይህ ቀላል ምክር አይደለም። በመግቢያው ግድግዳ ላይ የመብራት ማጥፊያ ወይም ብሬከር ካለ በሰፌድ አይሸፍኑት፤ በጭንቅ ሰዓት እጅ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ትንሽ ልጅ ካለ ወደ ታች የሚንጠለጠል የጠረጴዛ ልብስ አያንጥፉ፤ ሲጎትተው ሸክላው ይከተለዋል። የጋራ ኮሪደሩና ደረጃው ላይም ምንም አይቀመጥ፤ እሱ የሁሉም ጎረቤት መውጫ ነው።

መቼ ይነሳል?

ለዚህም ወግ አለን። ኅዳር 12 ቤት የሚጸዳበትና አሮጌው የሚወጣበት ቀን ነው። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ከጨረሰው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ ይታወሳል። የዚያን ዕለት የመስከረሙን ደረቅ አበባና የጥቅምቱን የበቆሎ ሽፋን ያውጡ። ግቢ ውስጥ አቃጥሎ ጎረቤትን በጭስ ማፈን ግን አያስፈልግም፤ ከቆሻሻው ጋር ይሂድ። በቦታው የአዲሱን አዝመራ ነዶ ያቁሙ።

ሰፌዱንም ለዘለዓለም አይስቀሉት። አልፎ አልፎ ያውርዱትና ምስር ይልቀሙበት፣ ልጆችዎም አጠገብዎ ተቀምጠው እህል ማንገዋለልን ይሞክሩ። ግማሹ ወለሉ ላይ ቢፈስ ይፍሰስ። አያታቸው እንዴት ትይዘው እንደነበር ያን ጊዜ ያሳዩአቸዋል። ባለቤትዎም ቢሆኑ ምስር የሚለቀምበትን ሰፌድ የሙዚየም ዕቃ ነው ለማለት ይቸገራሉ።