መዝገብ ብቻውን ቤት አያቆምም

የአንድ አገር ታሪክ የሚገኘው በቤተ መንግሥትና በታላላቅ ካቴድራሎች ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ነገር ግን ንጉሥ ያልኖረበት፥ ውል ያልተፈረመበት አንድ ተራ ቤት፥ ሕዝቡ በምን ሥራ እንደ ከበረ፥ በምንስ ምክንያት እንደ ደኸየ ከብዙ መጻሕፍት አብልጦ ሊነግረን ይችላል። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንመለከተው ጉዳይ በእንግሊዝ አገር ገጠር የሚገኙት፥ በሕግ የተጠበቁት አሮጌ ቤቶች ነገር ነው። ለምሳሌ የመረጥነውም በምሥራቅ እንግሊዝ በሰፎክ አውራጃ የምትገኘውን የላቨናምን አጥቢያ ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን።

አጥቢያ ማለት በእንግሊዝ አገር ጥንት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሚኖር ሕዝብ የሰፈረበት ቦታ ነበር። በ1894 ከወጣው ሕግ ወዲህ ግን የራሱ ምክር ቤት ሊኖረው የሚችል ትንሹ የአስተዳደር ክፍል ሆኗል። ላቨናም እንዲህ ያለች አጥቢያ ናት። ነዋሪዎቿ ሁለት ሺህ አይሞሉም፤ በመንግሥት መዝገብ የሰፈሩት ሕንፃዎቿ ግን ከ300 ይበልጣሉ። እንግዲህ ሕዝቧ ቢቈጠር ትንሽ መንደር ናት፤ ቤቷ ቢቈጠር ግን ታላቅ ከተማ ናት ማለት ይቻላል።

የቤቶቹ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኦክ ከሚባለው ጠንካራ ዛፍ ምሰሶውና አግዳሚው ይዋቀራል፤ መካከሉ በቀጫጭን እንጨት ይማገራል፤ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃም ይመረጋል፤ በመጨረሻ በኖራ ይቀባል። ብዙዎቹ በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመት የተሠሩ ናቸው። እርጥብ ሳለ የተዋቀረው ኦክ እየደረቀ ሲሄድ ስለሚጣመም፥ አንዳንዱ ቤት ወደ ጎረቤቱ አዘንብሎ ምክር የሚጠይቅ ሽማግሌ ይመስላል። ይሁን እንጂ አምስት መቶ ዓመት ቆሟል።

ይህን ሁሉ የሠራው የበግ ጠጕር ነው። የላቨናም ሰዎች ሱፉን እየፈተሉና እየሸመኑ፥ በሰማያዊ ቀለም እየነከሩ፥ የሠሩትን ወፍራም ጨርቅ እስከ ውጭ አገር ድረስ ይሸጡ ነበር። በ1524 በተሰበሰበው ግብር ስንመለከት ይህች ትንሽ ቦታ በመላው እንግሊዝ ከነበሩት ሃያ ሀብታም ከተሞች ተርታ ትቈጠር ነበር። የቅዱስ ጴጥሮስና የቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያኗ ግንብ 141 ጫማ፥ ማለት 43 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ለሥራው ብዙ ገንዘብ ከሰጡት መካከል የኦክስፎርድ መስፍን ጆን ዴ ቬር አንዱ ነው፤ ሁለተኛው ግን መስፍን ያልነበረው የጨርቅ ነጋዴ ቶማስ ስፕሪንግ ነው። በ1530 ገደማም ኮርፐስ ክሪስቲ የተባለው የሃይማኖት ማኅበር በገበያው አደባባይ ላይ ታላቅ የማኅበር አዳራሽ አቆመ።

ከዚህ በኋላ ዕድል ፊቷን መለሰች። ከኔዘርላንድስ ምድር ተሰደው በኮልቸስተር የሰፈሩ ሸማኔዎች ቀለል ያለና ርካሽ ጨርቅ ይሠሩ ጀመር፤ ገበያውም ወደዚያው ሄደ። ላቨናም ደኸየች። በሌላ ቦታ የከበረው ሰው የአባቱን የእንጨት ቤት እያፈረሰ በአዲሱ ፋሽን በጡብ ሲሠራ፥ የላቨናም ሰው ግን ገንዘብ ስላልነበረው በአያቱ ቤት መኖሩን ቀጠለ። ዛሬ ከሩቅ አገር የሚመጣው ጐብኚ የሚያደንቀው የቅርስ ጥበቃ ጥበብን ሳይሆን፥ በመጀመሪያው ነገር ድኽነትን ነው። ይህን ስንል ለማናናቅ አይደለም፤ እውነቱ እንዲታወቅ ያህል ነው። ድኽነት ቤት ሳይፈርስ ሊያቈየው ይችላል፤ ሊጠግነው ግን አይችልም።

ሰዎቹ ራሳቸው ቤታቸውን አውቀው የመረጡበት ቀን ከጊዜ በኋላ መጣ። በ1911 የሱፍ አዳራሽ የሚባለው የ15ኛው መቶ ዓመት ሕንፃ ተሸጦ፥ እንጨቱ አንድ ባንድ እየተፈታ በሌላ አውራጃ ወዳለው ወደ አስኮት ሊወሰድና እዚያ ሊተከል ተጀምሮ ነበር። ያን ጊዜ የመንደሩ ሰዎች ከቄሳቸው ጋራ ሆነው ተቃውሞ አሰሙ። ነገሩም ተሰማላቸውና የተፈታው እንጨት ተመልሶ በቀድሞው ቦታው ተተከለ። ልብ እንበል፤ በዚያን ጊዜ አንድ ሰው የገዛውን ቤት እንዳያፈርስ የሚከለክለው ሕግ አልነበረም። የአዳራሹ ጠባቂ ሕዝቡ ራሱ ነበር።

ሕጉ ዘግይቶ መጣ። በ1877 ዊልያም ሞሪስ የተባለው ባለቅኔና የእጅ ጥበብ ሰው ከጓደኞቹ ጋራ የጥንት ሕንፃዎች ጠባቂ ማኅበርን መሠረተ። የትምህርቱ ፍሬ ነገር፥ አሮጌውን ቤት አፍርሶ አዲስ ጥንት ከማስመሰል ይልቅ በየዕለቱ በጥቂት በጥቂቱ መጠበቅ ይሻላል የሚል ነው። የእኛ አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ማለት ነው። በ1882 የወጣው የመጀመሪያው ሕግ የሚጠብቀው በአብዛኛው ሰው የማይኖርባቸውን የጥንት ድንጋዮችና ጕብታዎች ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጠላት አይሮፕላን ከተማዎቹን ሲደበድብ፥ ከፈራረሱት ሕንፃዎች የትኛው መዳን እንደሚገባው የሚያመለክት ዝርዝር አስፈለገ። ከዚህም ልምድ በመነሣት የ1944 እና የ1947 ሕጎች በአገሩ ሁሉ የሚገኙት ልዩ ሕንፃዎች በመዝገብ እንዲሰፍሩ አዘዙ። በመጀመሪያ ባለቤቱ ከማፍረሱ በፊት ማስታወቅ ብቻ ይበቃው ነበር፤ ከ1968 ሕግ ወዲህ ግን ፈቃድ ማግኘት አለበት። በ1990 ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ ያፈረሰ ወይም የሕንፃውን ጠባይ የለወጠ ሰው እስከ ሁለት ዓመት እሥራትና ወሰን የሌለው የገንዘብ መቀጫ ሊያገኘው ይችላል።

ዛሬ በመላው እንግሊዝ በዚህ መዝገብ የሰፈረው ቍጥር ወደ 400 ሺህ ይጠጋል። ከዚህ ውስጥ 2.5 በመቶው አንደኛ ደረጃ፥ 5.8 በመቶው ባለ ኮከብ ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ የቀረው 91.7 በመቶ ተራው ሁለተኛ ደረጃ ነው። ጐተራው፥ የውሃ መቅጃው፥ የመቃብር ድንጋዩ፥ የመንገድ ርቀት መለኪያው፥ ቀዩ የስልክ ሣጥን እንኳ ሳይቀር በዚህ ውስጥ ይገኛል። የገጠሩ አጥቢያ ሀብት በአብዛኛው ይኸው ተራ የተባለው ሁለተኛ ደረጃ ነው።

በዚህ ላይ የባለቤቱን ቅሬታ መስማት ተገቢ ነው። «በገዛ ገንዘቤ በገዛሁት ቤት መስኮት ለመለወጥ ስለ ምን ፈቃድ እጠይቃለሁ? ክረምት በነጠላው መስታወት እየገባ የሚያንቀጠቅጠኝ እኔን ነው እንጂ መዝገብ ጸሐፊውን አይደለም» ይላል። ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው እንደሚባለው፥ ቤቱን የሚያውቀው የሚኖርበት ሰው ነው። ቅሬታው ቀላል አይደለም፤ በንቀትም ሊታለፍ አይገባውም።

ዳሩ ግን ሁለት ነገር እንመልሳለን። አንደኛ፥ ሕጉ ለውጥን ሁሉ አይከለክልም፤ ለውጡ ታይቶ እንዲፈቀድ ያዛል እንጂ። የላቨናም የማኅበር አዳራሽ ራሱ ምስክር ነው። በ1547 እንደነዚህ ያሉት የሃይማኖት ማኅበሮች ከተሻሩ በኋላ በየዘመኑ እሥር ቤት፥ የድኾች መሥሪያ ቤት፥ የሱፍ መጋዘን ሆኗል። ከ1951 ጀምሮም ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ማኅበር ይዞት ሙዚየም ሆኖ ይጐበኛል። ሥራው ብዙ ጊዜ ተለወጠ፤ አዳራሹ ግን ያው ነው። ሁለተኛ፥ ባለቤቱ ሁልጊዜ ቤቱን የሚበጀውን ያውቃል ማለት አይቻልም። በ20ኛው መቶ ዓመት ብዙ ሰዎች በቅን አሳብ በኖራው ፈንታ ሲሚንቶ ለጠፉ። ኖራ እርጥበቱን ያስተነፍሰዋል፤ ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል፤ የታፈነውም ውሃ ምሰሶውን ከውስጥ ያበሰብሰዋል። ቤቱ ከውጭ ሲያዩት ጠንክሯል፤ ውስጡ ግን እየሞተ ነው። እንዲህ ካለው ስሕተት በፊት አንድ የሚያውቅ ሰው «ቆይ» ቢል ጥቅሙ ለባለቤቱ ነው።

እንግዲህ ሕጉ ትክክል ከሆነ ጉድለቱ የት ላይ ነው? እንደኛ አስተያየት ጉድለቱ መከልከሉ አይደለም፤ መንግሥት ከከለከለ በኋላ ሸክሙን ለባለቤቱ ጥሎ መሄዱ ነው። ሁለት ማስረጃ እናቀርባለን።

የመጀመሪያው ግብሩ ነው። በእንግሊዝ አገር አዲስ መኖሪያ ቤት የሚሠራ ሰው የሥራው ተጨማሪ እሴት ታክስ ዜሮ ነው። አሮጌውን ቤት የሚጠግን ግን በተራው ደንብ 20 በመቶ ይከፍላል። የተፈቀደ ለውጥ በሚደረግባቸው በመዝገብ የሰፈሩ መኖሪያ ቤቶች ላይ የነበረው ነጻነትም በጥቅምት 2012 ተሻረ። እንዲህ ሲሆን ሕጉ በአንድ እጁ «ጠብቅ» እያለ በሌላው እጁ የሚጠብቀውን ይቀጣል። አብያተ ክርስቲያናቱም ከዚህ ችግር አልራቁም። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካሏት 16 ሺህ ያህል ሕንፃዎች ከ12 ሺህ የሚበልጡት በመዝገብ የሰፈሩ ናቸው፤ ጣራቸውን የማሳደሱ ዕዳ በአመዛኙ የሚወድቀው እሑድ እሑድ በሚሰበሰቡት ምእመናን ላይ ነው። ከ2001 ጀምሮ ለጥገና የከፈሉት ታክስ የሚመለስበት መንገድ ተከፍቶላቸው ነበር፤ በ2025 ግን ለአንድ ሕንፃ በዓመት ከ25 ሺህ ፓውንድ እንዳይበልጥ ወሰን ተደረገበት። የአንድ ታላቅ ግንብ ጥገና የሚጠይቀውን ወጪ ለሚያውቅ ሰው ይህ ወሰን ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ መንገር አያስፈልግም።

ሁለተኛው ማስረጃ የቍጥጥሩ ነገር ነው። ሂስቶሪክ ኢንግላንድ የተባለው የመንግሥት ድርጅት በአደጋ ላይ ያሉትን ሕንፃዎች ዝርዝር በየዓመቱ ያወጣል። ነገር ግን ከሎንዶን ውጭ ያሉት የሁለተኛ ደረጃ ሕንፃዎች፥ የጸሎት ቤቶች ካልሆኑ በቀር፥ በዚህ ዝርዝር አይገቡም። የነሱ ጥበቃ ለየአካባቢው ምክር ቤት የተተወ ነው። ከአሥሩ ሕንፃዎች ዘጠኙን የሚያህለው የገጠሩ ሀብት ከዚሁ ደረጃ መሆኑን ስናስታውስ ነገሩ ያሳስባል። ምክር ቤቱ የቸልተኛውን ባለቤት ቤት ለመጠገን ማስታወቂያ ሊሰጥ፥ አስቸኳይ ሥራ ሠርቶ ገንዘቡን ሊያስከፍል፥ በመጨረሻም ቤቱን በግድ ሊገዛ ሥልጣን አለው። ነገር ግን ገንዘብና ባለሙያ የሌለው ሥልጣን ባሩድ እንደሌለው ጠመንጃ ነው። አንድ ጐተራ በድብደባ ሳይሆን ከጣራው አንድ ክዳን ወልቆ ዝናብ አሥር ዓመት ስለ ገባበት ይፈርሳል። ስሙ ግን እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ በመዝገቡ ላይ በደንብ ተጽፎ ይገኛል።

ስለዚህ የኛ አሳብ ይህ ነው። መንግሥት አንድን ቤት የሕዝብ ቅርስ ነው ብሎ ካወጀ፥ ሕዝቡ ከወጪው ተካፋይ መሆን አለበት። ቢያንስ የመጠገኑ ግብር ከአዲሱ ቤት ግብር መብለጥ የለበትም። ኖራ የሚያቦካውን፥ የኦክ ምሰሶ የሚጠርበውን፥ ጭቃ የሚመርገውን የእጅ ሠራተኛ ማሠልጠን ደግሞ መዝገብ ከመጻፍ የማይተናነስ ሥራ ነው። ሠራተኛው ካለቀ ፈቃዱ ምን ይረባል? ከዚህም ሌላ የተዋቡት መንደሮች የቤት ዋጋ እየናረ የመንደሩ ልጅ በተወለደበት ሥፍራ ቤት መግዛት ሲሳነው፥ ቤቱ ተጠብቆ ሰውየው ጠፋ ማለት ነው። በ1911 የሱፍ አዳራሹን ያስመለሱት በዚያው የሚኖሩ ሰዎች እንጂ ለዕረፍት የመጡ እንግዶች አለመሆናቸው መዘንጋት የለበትም።

ይህን የምንጽፈው በተለይ ለተማሪዎችና ለወጣት ሹማምንት ነው። እኛም በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የወጣን ስለ ሆንን፥ የዘመናችን ሰው ዝርዝር ካዘጋጀ፥ ቍጥር ከሰጠና ማኅተም ካደረገ በኋላ ሥራው ያለቀ እንደሚመስለው እናውቃለን። የእንግሊዝ ገጠር የሚያስተምረን ከዚህ የተለየ ነው። ዝርዝሩ 400 ሺህ ያህል ሆነ፤ ሕጉም ጠነከረ፤ ቅጣቱም ከበደ፤ ሆኖም ጣራ የሚከድነው ሰው ካልተረዳ በስተቀር ዝናቡ ማኅተም አይቶ አይመለስም። በመዝገብ ላይ የአንድን ቤት ስም የሚጽፍ ሹም ቃል ኪዳን እየገባ መሆኑን ይወቅ። ከተጻፈው ገጽ ቀጥሎ «ይህን ማን ይጠግነዋል? በምንስ ገንዘብ?» የሚል ሌላ ገጽ መኖር አለበት። ያ ገጽ ባዶ እስከ ሆነ ድረስ፥ መዝገቡ የሕንፃዎቹ መጠበቂያ ሳይሆን የሙት መዝገባቸው እንዳይሆን እንሠጋለን።