«ፍሬን በጠሰ»፦ የጨንቻ ቁልቁለት እና ሁልጊዜ የምትከሰሰው መኪና

ዛሬ ስለ መኪና ነው። መኪና የሌላችሁም አንብቡት፤ ሚኒባስ መሳፈራችሁ አይቀርምና።

ከአርባ ምንጭ ጨንቻ የሚወስደውን መንገድ የወጣ ሰው አይረሳውም። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ጨንቻ ደግሞ 2,700 አካባቢ። በ37 ኪሎ ሜትር ውስጥ 1,400 ሜትር ትወጣለህ ማለት ነው፤ አብዛኛው ዳገት ደግሞ የሚመጣው ከሶዶው መንገድ ከተገነጠልክ በኋላ ነው። ታች ላብ፣ ዶርዜ ላይ ብርድ፣ ጨንቻ ስትገባ ጉም። ለዚህ ነው እኛ ጋ ሁለት መኪና ወዳዶች ከተገናኙ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ «የትኛዋ አውቶሞቢል ጨንቻን ትችላለች» የሚለው ላይ የሚያርፈው።

ክርክሩን ታውቁታላችሁ። ኮሮላ አትከዳም፤ የድሮዋ ዲኤክስ እንኳን ዛሬም ትወጣለች። ሊፋን የገዛ ጋራዥ ይኖራል። ቪትዝ አምስት ሰው ይዛ ዳገት ላይ ታለቅሳለች። የቪትዟ ነገር እንኳን እውነትነት አለው። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 ፐርሰንት ገደማ ያጣል፤ ጨንቻ ስትደርስ ሩቡ ሄዷል። 1000 ሲሲ ሞተር ሩቡ ሲሄድበት ምን ሊተርፈው ነው?

የቀረው ክርክር ግን ስለ መኪናው ሳይሆን ስለ መለዋወጫው ነው ባይ ነኝ። ኮሮላ «የማትከዳው» ብረቷ የተለየ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ዕቃዋ በየሱቁ አለ፣ ሁሉም መካኒክ እጁን የፈታው በእሷ ነው። ሆላንድ ካርን ያስታውሱ የነበሩ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ሞጆ ላይ መኪና ይገጣጥም የነበረ ድርጅት ነው፤ ለመኪኖቹ አባይ፣ ተከዜ፣ አዋሽ እያለ የወንዞቻችንን ስም ያወጣ ነበር። አባይ የምትባለዋ በትክክል ሊፋን 520 ነበረች። በ2005 ዓ.ም. ድርጅቱ ከሰረ። መኪና ደግሞ አምራቹ ሲዘጋ ወላጅ እንደሌለው ልጅ ነው፤ ጥሩ ሆኖ ቢሠራ እንኳን ዕቃ ሲጠፋ «ከዳ» ይባላል።

ይሄ ሁሉ የዳገቱ ወሬ ነው። ሰው የሚሞተው ግን ዳገት ላይ አይደለም። ዳገት ላይ መኪና ቢከዳህ ድንጋይ ጎማው ስር አድርገህ፣ ውሃ ጨምረህ፣ ትንሽ ተሳድበህ ትቀጥላለህ። ችግሩ ሲወረድ ነው።

ባለፈው ክረምት ከጨንቻ ስወርድ ጋቢና ነበርኩ። ገና ከከተማው ሳንርቅ ሹፌሩ ማርሹን ወደ ፎሌ መታና ለቀቃት። መኪናዋ በራሷ ትንደረደራለች፣ እሱ ፍሬን ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል። ዶርዜን አልፈን ትንሽ እንደሄድን የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ገባ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ምን እንደሚሸት ጠየቁ። ሹፌሩ መልስ አልሰጣቸውም፣ መስኮቱን ከፈተ። በቃ መፍትሔው እሱ ነበር።

ታች ስንደርስ ለምን በፎሌ እንደሚወርድ ጠየቅኩት። ሳያፍር ነው የነገረኝ፦ ነዳጁ ከእሱ ኪስ ነው፣ ሸራው ከባለቤቱ ኪስ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ሹፌሩ ለባለቤቱ የቀን ገቢ ያስገባል፤ ነዳጁን ቀድቶ የተረፈው የእሱ ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ ጠብታ ቤንዚን የእሱ እራት ናት። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን እያነሳ ሲሄድ ዋጋው ምን እንደሆነ አይታችኋል። ባለቤቱ በበኩሉ ሸራ መቀየሪያውን ያዘገያል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ መለዋወጫ ተወዷላ። አንዱ ቤንዚን ይቆጥባል፣ ሌላው ሸራ ይቆጥባል፣ መሀል ላይ ያለው ተሳፋሪ ነው።

አሁን ሂሳቡን እንሥራው። ኮሮላ ከነአምስት ሰዎቿ 1,450 ኪሎ ትመዝናለች እንበል። 1,400 ሜትር ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት ባለ 20 ሊትር ሦስት ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ሊያፈላ የሚችል ነው። ከፊሉን መንገዱና ንፋሱ ይወስዱታል። ማርሽ ውስጥ ከሆንክ ሞተሩም ድርሻውን ይይዛል። በፎሌ ከሆንክ ግን የቀረው በሙሉ የሚገባው መዳፍ የሚያክሉት ሸራዎች ላይ ነው። ሸራው ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሄዳል። ዘይቱ ደግሞ ለዓመታት ካልተቀየረ እርጥበት ጠጥቷልና ቶሎ ይፈላል። ሲፈላ አረፋ ይሠራል። ፔዳሉን ስትረግጠው እንደ ስፖንጅ ወለሉ ድረስ ይገባል። «ፍሬን በጠሰ» የምንለው ብዙ ጊዜ ይሄንን ነው። ምንም የተበጠሰ ነገር የለም! እንዲያውም ሲቀዘቅዝ ፍሬኑ ተመልሶ ሊሠራ ይችላል። ለቦሎ የሚደረገው ምርመራም የሚያየው የቀዘቀዘ ፍሬን ነው፤ የጨንቻን ቁልቁለት ጋራዥ ውስጥ አታገኘውም።

ሞተር አጥፍቶ የሚወርድም አለ። እሱ ይባስ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ፍሬን የሚያግዘው አየር ያልቃል፤ ሁለት ሦስቴ ከረገጥክ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፣ መሪውም ይከብዳል።

በጣም የሚያናድደው ደግሞ ቁጠባው ራሱ የለም። በካርቡራተር ዘመን በፎሌ መውረድ ትንሽ ቤንዚን ያተርፍ ነበር፤ ልማዱ ከዚያ የመጣ ነው። የኢንጀክሽን መኪና ግን፣ ቪትዙም አዲሶቹ ኮሮላዎችም፣ ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ ቤንዚኑን ራሱ ይዘጋል። ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው። በፎሌ ስትሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን ይጠጣል። ማለትም ያ ሹፌር እራቱን እያቃጠለ ነው የወረደው። አውቶማቲክ ያላችሁም ዲ ላይ ትታችሁ አትውረዱ፤ ኤል ወይም 2 የተጻፈው ለጌጥ አይደለም።

ይሄን ሁሉ ካየን በኋላ ስማችን ይገርመኛል። አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብለናል። መሪው ላይ ሰው እንደሌለ፣ ብረቱ ራሱ ጠዋት ተነስቶ ሊገድል እንደወጣ አድርገን ነው የምንጠራው። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲዳማ ክልል ቦና ዙሪያ ወረዳ አይሱዙ ወንዝ ገብቶ ከ60 በላይ ሰው ሲሞት፣ ከሟቾቹ መሀል ከሠርግ የሚመለሱ ነበሩ። የጭነት መኪና ላይ ያን ያህል ሰው መሳፈሩን አይሱዙ አልወሰነም።

መኪናውን መክሰስ ይቀላል፤ አይመልስማ። ሹፌሩን ብቻ መክሰስም ግን ግማሽ እውነት ነው፤ ባለቤቱ ሸራ ሳይቀይር «ገቢህን አምጣ» ሲል የት ነበር?

ወደፊትስ? ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ስለዚህ ያሉት ኮሮላዎችና ቪትዞች እኛው እጅ ላይ ያረጃሉ፤ ዋጋቸው ሲወጣ ሸራቸው አልታደሰም። ኤሌክትሪኮቹ በዚህ ይሻላሉ። ሲወርዱ ሞተሩ ራሱ ይይዛቸዋል፣ ባትሪውንም ይሞላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ጨንቻ ላይ 100 ፐርሰንት ሞልተህ ከተነሳህ ባትሪው የሚቀበልበት ቦታ የለውም፣ ብዙዎቹ ይሄን አያያዝ ይቀንሳሉ፤ ያኔ ተመልሰህ የሸራ ጥገኛ ነህ። ለመውረድ 80 ይበቃል፣ ሌላውን መንገዱ ይሞላልሃል።

እስቲ ሹፌር የሆናችሁ፣ ጨንቻን በስንተኛ ማርሽ ነው የምትወርዱት? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። በፎሌ የምትወርዱም ጻፉ፤ ስም አልጠራም።