ያልጠረጠረ ተመነጠረ፦ የጤና ተማሪን መጠርጠር የሚያስተምረው ማነው?

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ወርዳችሁ የጎንደርን መንገድ ስትይዙ አዲስ ዘመን ትደርሳላችሁ። ሊቦ ከምከም ወረዳ ነው። በ1997 ዓ.ም. እዚያ የሆነውን ነገር ዛሬ ብዙ ሰው አያነሳውም። እኛ ግን ስለ ጤና ትምህርት ባወራን ቁጥር ትዝ የሚለን እሱ ነው።

ሰዉ ይታመማል። ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፣ ሰውነቱ ይከሳል፣ ሆዱ ይነፋል። የወባ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ አይሻለውም። ደግሞ ይሰጠዋል። መጀመሪያ ላይ የተጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር። ግንቦት 1997 ላይ በሽታው ካላ-አዛር መሆኑ ታወቀ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ላይ ማከም ጀመረ፣ በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ከ2 ሺህ በላይ ሰው ታመመ። ካላ-አዛር ካልታከመ ደግሞ በአብዛኛው ገዳይ ነው።

እዚህ ላይ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ካላ-አዛር የሚታወቀው በሁመራና በመተማ ቆላ ነበር፤ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በዚህ ደረጃ ይከሰታል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ግን ከዚሁ አካባቢ ስንቱ ወጣት ነው በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ የሚወርደው? በሽታውን ወደ ደጋው ያመጣው ይሄ የቀን ሠራተኛ ምልልስ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ተገምቷል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ፣ «ለሥራ የት ሄደህ ነበር?» የምትለዋ፣ ከብዙ ምርመራ በፊት መንገድ ታሳያለች። ቀጥሎ እጅን ሆድ ላይ አሳርፎ ጣፊያው ማበጡን መዳሰስ። ሁለቱም ብር አይጠይቁም። ግን አንድ ሰው ሊያስተምራቸው ይገባል፣ ያውም ከስላይድ ላይ ሳይሆን አልጋው አጠገብ ቆሞ።

የዛሬ ጽሑፋችን ስለዚህ «አንድ ሰው» ነው።

ደብረ ታቦር የጤና ትምህርት ከተማ ሆናለች ብንል ማጋነን አይሆንም። ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ያሠለጥናል፣ የጤና ሳይንስ ኮሌጁ አለ፣ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉ ደግሞ የተማሪዎች መለማመጃ ነው። ነጭ ጋውን ለብሶ ሻይ ቤት የሚገባውን ወጣት ቁጥር አይታችሁ ይሆናል (ጋውኑን አውልቃችሁ ግቡ ብንላቸውም አይሰሙንም)። ታዲያ እነዚህን ልጆች የሚያስተምረው መምህር እንዴት መምህር ሆነ? በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደው መንገድ ይታወቃል፤ ጥሩ ውጤት ያመጣ ተመራቂ እዚያው ይቀራል። ትናንት ተማሪ፣ ዛሬ መምህር። ጎበዝ መሆኑን አንክድም። ግን ማወቅ ሌላ፣ ማሳወቅ ሌላ። ኤችዲፒ የሚባል የማስተማር ሥነ ዘዴ ሥልጠና እንዳለ እናውቃለን፣ ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ የታሪክ መምህሩም የነርሲንግ መምህሩም የሚወስዱት ያንኑ መሆኑ ነው። የታሪክ መምህር ክፍል ውስጥ ቢሳሳት ተማሪው ነገ ይታረማል። የነርሲንግ መምህር ግን በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው ይጠብቃል፤ የሚማረውን ልጅና የሚታመመውን ሰው።

ከእኛ አንዱ አንድ ጊዜ ዘመድ ሲያስታምም ያየውን እንንገራችሁ። የቱ ሆስፒታል እንደሆነ አንጠራም። አንዲት ተማሪ ካኑላ ልትሰካ መጣች። አንድ ጊዜ ሳተች፣ ሁለተኛም ሳተች፣ በሦስተኛው እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አጠገቧ ማንም አልነበረም። በኋላ መምህሩ መጣ፣ «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ ካኑላውን ራሱ በአንድ ጊዜ ሰካና ሄደ። ታማሚው ተገላገለ፣ እግዜር ይስጠው። ልጅቷ ግን ምን ተማረች? እሱ እንደሚችል፣ እሷ እንደማትችል። «ክንዱን አስቀድመሽ እሰሪ፣ ቆዳውን ወጠር አድርጊ፣ የመርፌውን አግድመት ቀንሺ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ቢነግራት ነገ ለሚመጣው ታማሚ ይተርፍ ነበር። አይቶ፣ ስህተቱን ለይቶ፣ ሰው ፊት ሳያዋርዱ መንገር ራሱን የቻለ ችሎታ ነው። ከዲግሪ ጋር አብሮ አይታደልም። (እኛ ዲግሪው ባይኖረንም ይሄን ለማየት አልከለከለንም።)

ፈተናውም መምህሩን ወደዚያ አይገፋውም። ሐምሌ 2015 የመጀመሪያው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ሲሰጥ ከተፈተኑት ያለፉት 40.65 በመቶው ብቻ ነበሩ፣ አገሩም ተንጫጫ። ከዚያ ወዲህ መምህር የሚለካው ስንቱን አሳለፈ በሚለው ነው። ጤና ላይ ደግሞ የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና ፈተና ይጨመራል። ፈተናዎቹ ምርጫ ናቸው። ስለዚህ መምህሩ ያለፉ ዓመታት ጥያቄ ያስጠናል፣ ተማሪውም ሆስፒታል ትቶ ላይብረሪ ይገባል። የሚገርመው በኮሌጅ ደረጃ ሲኦሲ የሚፈተነው ልጅ የተግባር ክፍል አለበት። ሮናልድ ሃርደን የተባለ ስኮትላንዳዊ መምህር በጎርጎርሳውያኑ 1975 ተማሪውን ከጣቢያ ጣቢያ እያዞሩ በእጁ እያሠሩ የመፈተን ዘዴ ለዓለም ካስተዋወቀ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ኦስኪ ይሉታል፣ የእኛም ትምህርት ቤቶች ይሠሩበታል። ግን መዛኙ መምህር ካልሠለጠነ ኦስኪውም «ልጁ ጨዋ ነው» በሚል ማርክ ያልቃል።

መልሱን ሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልግም። በጎርጎርሳውያኑ 1953 ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ 7 ሺህ ያህል ሰው እንደጨረሰ ይነገራል። በማግስቱ ዓመት ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የሳኒቴሽን ባለሙያው በቡድን ሆነው ገጠር ጤና ጣቢያ ወርደው እንዲማሩ ተደረገ፣ መምህሩም ተከትሏቸው ይወርድ ነበር። ልምዱ ዛሬም በስም አለ። ግን ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ነገ ተዘጋ እየተባለ ማን ነው ተማሪ ይዞ ጋይንት ወይም እብናት የሚወርደው? መምህሩን በዚህ አንፈርድበትም። ደመወዙም ቢሆን የሚታወቅ ነው።

ይሄ ሁሉ ባለበት ወባ ራሱ ተመልሷል። በጎርጎርሳውያኑ 2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ብቻ በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል። እንዲህ ሲሆን ትኩሳት ይዞ የመጣን ሁሉ «ወባ ነው» ብሎ መሸኘት ይቀላል፣ ብዙ ጊዜም ትክክል ይሆናል። አንዱ ግን ከመተማ የተመለሰ፣ መድኃኒቱን ጨርሶ ያልተሻለው ልጅ ሊሆን ይችላል። ያ ልጅ ጤና ጣቢያ ሲደርስ የሚያገኘው የዘንድሮውን ተመራቂ ነው፣ እሱም ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ መርጦ ያለፈ።