ልብ እየመረመረ የሚፈርድ ፖለቲካ

እ.ኤ.አ. በ1504 ከሰሜን አፍሪካ የወጣ አንድ ፈትዋ ስፔን ውስጥ በድብቅ እየተገለበጠ ተነበበ። አንባቢዎቹ «ወይ ክርስትና ተነሡ፣ ወይ አገር ልቀቁ» የተባሉ ሙስሊሞች ነበሩ። የኦራኑ ሙፍቲ በሚል የሚታወቁት አሕመድ ኢብን አቢ ጁምዓ የሰጧቸው ምክር እስከ ማዕድ ድረስ የሚወርድ ነው። ቀን መስገድ ያልቻለ ሌሊት ይስገድ። የአሳማ ሥጋ እንዲበላ የተገደደ ርኩስነቱን በልቡ ይዞ ይብላ። ወይን ጠጅ የሚያጠጡት ሰውም ወዶ እንዳልጠጣው ፈጣሪ ያውቅለታል። ምስል ፊት ስገድ ከተባለ ይስገድ፤ ሐሳቡ ግን ከሶላቱ አይራቅ።

ተቂያ የሚባለው ይህ ነው፤ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ እምነትን በሆድ ይዞ መኖር። ዛሬ ግን ነገሩ በምዕራቡ ዓለም የምርጫ መድረክ ላይ ሌላ መልክ ይዞ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2015 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ይወዳደሩ የነበሩት ቤን ካርሰን፣ ተቂያ ሙስሊሞች ለዓላማቸው ሲሉ እንዲዋሹ ይፈቅዳል ብለው ነበር። በእንዲህ ዓይነቱ ክስ የተከሰሰ ሰው ማምለጫ የለውም። «አይደለሁም» ባለ ቁጥር ማስተባበያው ራሱ ማስረጃ ይሆንበታል።

የተቂያ ሥር መካ ውስጥ ነው። የዐማር ኢብን ያሲር ወላጆች፣ ያሲርና ሱመያ፣ በሥቃይ ተገደሉ። ልጃቸው ግን ሥቃዩን አልቻለም፤ አሳዳጆቹ የፈለጉትን ቃል ተናገረና እያለቀሰ ወደ ነቢዩ ሙሐመድ ሄደ። የቁርዓን ተፍሲር ጸሐፊዎች በነሕል ምዕራፍ 106ኛውን አንቀጽ ከዚህ ታሪክ ጋር ያያይዙታል፤ ልቡ በእምነት ጸንቶ ሳለ የተገደደ ሰው ከፈጣሪ ቁጣ ውጭ ነው ይላል። ሐበሻው ቢላል ደግሞ ደረቱ ላይ ቋጥኝ ተጭኖበት እንኳ ቃሉን አላጠፈም። የተፈቀደ ነገር ሁሉ ግዴታ እንዳልሆነ ከሁለቱ ሰዎች ይታያል።

ኢብን ኢስሐቅ በጻፉት የነቢዩ ታሪክ ውስጥ የእኛው አገር ንጉሥም አሉ። ነጃሺ ሕዝቡ ሲያምፅባቸው የእስልምና ምስክርነታቸውን ጽፈው ከካባቸው ሥር ሸሸጉ ይባላል። ሕዝቡ «ኢየሱስ የእግዚአብሔር ልጅ ነው» ሲላቸውም እጃቸውን ጽሑፉ ካለበት ቦታ ላይ አሳርፈው «ከዚህ ሌላ አይደለም» አሉ፤ ሕዝቡም የራሱን እምነት የመሰከሩለት መስሎት ተመለሰ። ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ንጉሡ እስከ መጨረሻው ክርስቲያን ናቸው። በእስልምናው ትረካ ግን ዙፋን ላይ የተቀመጠ ሰው እንኳ የልቡን መናገር የማይችልበት ቀን ነበር።

ተቂያን ትምህርት አድርገው ያዳበሩት በተለይ ሺዓዎች ናቸው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ኢማማቸው ሑሴን እ.ኤ.አ. በ680 ካርባላ ላይ ከተገደሉ በኋላ በኡመያ ኸሊፋዎችም በአባሲድ ኸሊፋዎችም ዘመን ሲታደኑ ኖረዋል። የራሳቸው ትምህርት ግን ወሰን አበጅቶለታል፤ የሌላ ሰው ደም የሚያስፈስስ ከሆነ ተቂያ የለም። ሱኒዎችም ቢሆኑ አላመለጡትም። እ.ኤ.አ. በ833 ኸሊፋ አል-ማእሙን «ቁርዓን ፍጡር ነው» በሉ ብሎ ሊቃውንቱን ሲያስገድድ አብዛኞቹ የተባሉትን አሉ። አሕመድ ኢብን ሐንበል እምቢ ብለው ታሰሩ፤ በተከታዩ ኸሊፋ ዘመንም ተገረፉ። ከዚያ አሥራ ሁለት ክፍለ ዘመን ገደማ ቆይቶ በባግዳድ የፍተሻ ኬላዎች ሱኒነቱን የሚያጋልጥበት ዑመር የሚል ስም የያዘ ሰው ሐሰተኛ መታወቂያ ፍለጋ ሲዞር ታይቷል። በአንጻሩ የሺዓው አያቶላህ ኾሜይኒ እ.ኤ.አ. በ1963 በኢራኑ ሻህ ላይ ሲነሡ ከእንግዲህ ተቂያ ሐራም ነው ብለዋል።

በሃይማኖት ስም የሚያታልል ፖለቲከኛ የለም የሚል ሰው ካለ የዋህ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 አሜሪካን ያጠቁት አጥፍቶ ጠፊዎችም ዓላማቸውን ደብቀው እዚያው ኖረዋል። ግን የትኛው ሰላይ፣ የትኛው መፈንቅለ መንግሥት ጠንሳሽ ነው ዓላማውን የሚያውጀው? ለዚያ ፈትዋ አያስፈልግም። ገንዘቡን፣ ግንኙነቱንና ዝግጅቱን መርምሮ ወንጀለኛን መያዝ ይቻላል። ልቡን መርምሮ ግን ንጹሑን ነፃ የሚያወጣ ችሎት አልተገኘም። ስፔን ይህን ሞክራለች። አስገድዳ አጠመቀች፤ ቀጥላም ማን ዓርብ ታጠበ፣ ማን አሳማ ተጠየፈ እያለች ሰለለች። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. ከ1609 እስከ 1614 ባሉት ዓመታት ወደ 300,000 የሚጠጉትን የእነዚያኑ ተጠማቂዎች ዘር አባረረች።

እኛም ዘንድ ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ ሲያዝዙ፣ ሼህ ጦልሃን የመሳሰሉት ተቃወሙ፤ አንዳንዱ ተሰደደ፤ ብዙው ሕዝብ ቀን ማዕተብ አስሮ ሌሊት ሰገደ። የወሎው መሪ ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ግን ንጉሠ ነገሥቱን የክርስትና አባት አድርገው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ሆኑ።

የጥርጣሬው ዕዳ ግን አገሪቱን ይገዙ ለነበሩት ልጃቸው ለልጅ ኢያሱ ተረፈ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ «ሰልሟል» ብለው ሻሯቸው፤ አቡነ ማቴዎስም ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱት። ማስረጃ የተባለው በሐረር ከሙስሊሞች ጋር መወዳጀታቸው፣ በጋብቻ መተሳሰራቸውና ጥምጥም ጠምጥመው ይታዩበታል የተባለ ፎቶግራፍ ነው። የሸዋ መኳንንት ለሥልጣናቸው መስጋታቸውና የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን መልእክተኞች ኢያሱ ከቱርክ ጋር ስላላቸው ወዳጅነት መቆጣታቸው ግን በክሱ ውስጥ አልተጻፈም። አባትየው ንጉሥ ሚካኤል በሚቀጥለው ወር ጦራቸውን ይዘው ሰገሌ ላይ ተዋግተው ተማረኩ። ለሠላሳ ስምንት ዓመት የያዙት ክርስትናቸውም ሆነ የክርስትና አባታቸው ስም ለልጃቸው ዋስ አልሆነም።